የመስታወት እረኛ

በሰባት ዓመቴ ከብት አግጃለሁ፤ አራት ላም፣ ሁለት በሬ፣ ዐሥራ አንድ በግና አንዲት ጥጋበኛ ፍየል። በሰባ ስምንት ዓመቴ ደግሞ ሁለት መስታወት አግዳለሁ። በመካከል ያሉት ሰባ አንድ ዓመታት የት ገቡ የሚል ሰው ካለ አማቼን ይጠይቅ፤ እሱ የማያውቀው ነገር የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ «አባዬ፣ ብቻህን እዚያ ግቢ ውስጥ አትቀመጥም» ብላ ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ወሰደችኝ። የሚኖሩት መዓዲ ነው፤ ከፎቁ ሥር ባለች ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ ከፊቷ አክንባሎ የምታህል ግቢ ያለቻት። መዓዲ በእነሱ ቋንቋ የጀልባ መሻገሪያ ማለት ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ወደ ላይኛው ግብፅ በጀልባ የተሳፈረችው ከዚሁ ነው ይላሉ፤ ዓባይ ዳር ቤተ ክርስቲያኗ አለች። እኔም ስመጣ ስደቷን እያሰብኩ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዳዊቴን እየደገምኩ እኖራለሁ ብዬ ነበር። ጥላ! ጥላ በዚህ ቤት ጠላት መሆኑን ማን ነግሮኝ።

የደረስኩት በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ፣ መብራት በፈረቃ መጥፋት በጀመረበት ሰሞን ነው። እዚህ አገር ሐምሌ ዝናብ የለውም፤ የሐምሌ ፀሐይ ሰው ትጠብሳለች። ሕዝቡ በሙሉ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። አብዛኛው የግብፅ ኃይል ማመንጫ የሚሠራው በጋዝ ነው፤ ከራሳቸው ጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ በየሰፈሩ ተራ አውጥተው ማጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በ2016 ሰኔ ላይ ሦስት ሰዓት ደረሰ። ለካይሮ ሰው መዓት የወረደ ያህል ነበር። አሳንሰር ውስጥ ተቀርቅሮ የሚጮኸው፣ ሥጋው የተበላሸበት ባለ ሱቅ፣ በሻማ የሚያጠናው ተማሪ፣ ሁሉም ያማርራል። እኔ አልደነገጥኩም። የአዲስ አበባ ሰው ሦስት ሰዓት መብራት ጠፋ ብሎ አይጮህም፤ ከሰሉን ያቀጣጥላል፣ ቡናውን ያፈላል። እንዲያውም በተባለው ሰዓት ጠፍቶ በተባለው ሰዓት ሲመጣ ሳይ፣ እነዚህ ሰዎች ማጥፋት እንኳ ያውቁበታል ብዬ አድንቄአለሁ።

አማቼ ግን ከቤት ሆኖ በኮምፒዩተር የሚሠራ ልጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይጠፋል፣ ሥራው ሲጠፋ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ማታ በባትሪ ብርሃን ወረቀት ላይ ሲጭር አየሁት። «አባባ፣ ሶላር ልናስገባ ነው» አለኝ፤ እኔ መስታወት የምለው ይህንኑ ነው። ጥሩ ነው፣ ይሁን አልኩ። ወረቀት ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ገንዘቡን አጠራቀመ፣ ብረቱን ገዛ፣ አስበየደ፣ ቀለም ቀባ፤ ለምርቃቱ ልጄ ዳቦ ጋገረች። የምርቃቱ ሳምንት ሐምሌ 2016 ነበር። በዚያው ሳምንት መንግሥት ፈረቃውን አቆመ። ኖኅ መርከቡን ከጥፋት ውሃ በኋላ ጨርሶ ሲወጣ አስቡት። እኔ ስስቅ ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ። አማቼ «ተመልሶ መጥፋቱ አይቀርም፤ ባይጠፋም ታሪፉ እየጨመረ ነው» አለ። ታሪፉ መጨመሩ እውነት ነው፣ ልዋሽ አልችልም።

አሁን የምታስቡትን አውቃለሁ፤ ታዲያ ጣራ ላይ አይሰቅሉትም ወይ ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። የካይሮን ጣራ ያየ ሰው ግን አይጠይቅም። የእኛ ሕንፃ ጣራ ላይ የሳተላይት ሳህን እንደ እንጉዳይ በቅሏል፤ የአምስተኛው ፎቅ ሰውዬ ከእንጨት ሠርቶ እስከ ሰማይ የሚደርስ የርግብ ቤት አቁሟል፤ በቀረው ቦታ ልብስ ይሰጣል። የጣራው ድርሻ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ስድስት አባወራ ሰብስቦ ስድስት ጊዜ ሻይ መጠጣት ያስፈልጋል። አማቼ ሦስተኛው ሻይ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወረደ። የቀረው ግቢው ነው።

ግቢው ደግሞ የመዓዲ ግቢ ነው። እዚህ ሰፈር ውስጥ ዛፍ ይበዛል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ሰፈሩን የቀየሱ ሰዎች መንገዱን ሁሉ በዛፍ አጅበውታል፤ ጃካራንዳ፣ ዋርካ መሳይ ፊከስ፣ እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ቀይ አበባው። ቀያሾቹን የሙያ ባልደረቦቼ ስለሆኑ አከብራቸዋለሁ። እኔ አርባ ዓመት ቀያሽ ነበርኩ፤ ቲዎዶላይት ተሸክሜ ያልወጣሁት ተራራ የለም። ነገር ግን ዛፉ ጥላ አለው፣ ጥላው ደግሞ ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይ ያለው በበሩ በኩል ነው፤ ቀትር ላይ መሐል ግቢው፤ ከሰዓት በኋላ ከኋላው አጥር ሥር ያለች የጋቢ እጥፋት የምታህል ቦታ ብቻ ትቀራለች። «እንግዲያው መስታወቱ ይሂዳ!» አለ አማቼ። ጎማ የተባለው ነገር የመጣው በዚህ ነው።

ጥላ ለምን ያን ያህል ይፈራል ብዬ ጠይቄ ነበር። ትንሽ ቅርንጫፍ ብታርፍበት ምን ይሆናል? ልጁ ያስረዳኝን ነገር ስሰማ፣ ይህ መሣሪያ በሬ ነው እንዴ አልኩ። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሴሎች በተከታታይ የተጠመዱ ናቸው። አንዱ ጥላ ውስጥ ገብቶ ከተኛ ጥምዱ ሁሉ ይጎተታል። በሦስት ከፍለው ማለፊያ መንገድ አበጅተውለታል፤ ስለዚህ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ሁሉንም አያቆምም፣ ሲሶውን ሊያስቀር ግን ይችላል። አንድ ቅጠል! የአንድ ቅጠል ጥላ የሚያስነክሰውን ነገር ገዝተን ዛፍ ሥር አቆምነው።

ወደ አሠራሩ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አማቼ ሰብቲያ ወደሚባለው የብረት ገበያ ወረደ። ሰብቲያ የካይሮ ምናለሽ ተራ ነው በሉት፤ ብሎን፣ ሞተር፣ ቧንቧ፣ ኩሽኔታ፣ የማይገኝ የለም። ባለ አርባ በአርባ ቱቦላሬ ገዛ፣ ዳዶና ሮንዴላ በከረጢት አመጣ። መስታወቶቹ እያንዳንዳቸው 550 ዋት ናቸው፤ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ከሩብ አልፎ፣ ክብደታቸው 28 ኪሎ ያህል። ከሥራቸው የሚሸከማቸው ብረት መሠራት አለበት፤ ጀርባው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ያለ፣ እንደ ትምህርት ቤት ዴስክ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጠብ ተነሣ። ስንት ዲግሪ ይጋደም? ልጁ «ሠላሳ» አለ፤ ስልኩ ነግሮት ነው። እኔ ስልክ አያስፈልገኝም። ካይሮ ከምድር ወገብ 30 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት፤ አዲስ አበባ 9። እኛ አገር በሰኔ ፀሐይ አናታችንን አልፋ በሰሜን በኩል ትሄዳለች፣ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። እዚህ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ ናት፤ አናት ላይ አትወጣም። በሰኔ ቀትር 83 ዲግሪ ትደርሳለች፣ በታኅሣሥ 37 ገደማ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ በክረምት ዝቅ፣ በታኅሣሥ ቀና የሚል መሆን አለበት እንጂ ሠላሳ ላይ በብየዳ አይቸነከርም አልኩ። ማጠፊያ ይሠራለት፣ ሦስት ቀዳዳ ይበሳለት፣ በፒን ይያዝ። «አባባ፣ ልክ ነዎት» አለና ቀዳዳውን በሳ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልክ ነዎት የተባልኩት ይህችን አንድ ጊዜ ነው፤ ለዚህ ነው ቀኗን የማልረሳት።

ሁለተኛው ጠብ ጎማው ነው። ልጁ መጀመሪያ ከተጣለ የቢሮ ወንበር ላይ አራት ትንንሽ ጎማ ነቅሎ አስበየደበት። ሊስትሮ እንኳ ሳጥኑን በዚያ አይገፋም። መስታወቱ ሲጫንበት ጎማዎቹ አፈሩ ውስጥ እንደ ዳጉሳ ዘር ተዘሩ። አራት ሰው ሆነን ነቀልነው። ቀጥሎ በነፋስ የሚሞላ የእጅ ጋሪ ጎማ አመጣ፤ እሱ አልሰመጠም፣ ግን በሦስተኛው ቀን የድሬዳዋው ዛፍ ደረቅ ፍሬ መሐል የተደበቀ ምስማር ወጋው። ሌሊት ተንፍሶ ጠዋት ስነሳ መስታወቱ እንደ ሰከረ ሰው አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። በመጨረሻ ሙሉ ላስቲክ ጎማ ተገኘ፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሁለቱ የሚዞሩ። ከሥሩ ደግሞ የሲሚንቶ ንጣፍ ድንጋይ ደረደርንለት፣ ለንጉሥ መንገድ እንደሚጠረግ።

እኔ ከመጀመሪያው ሦስት ጎማ ይሁን ብያለሁ። ይህ የቀያሽ ሀሁ ነው። ቲዎዶላይት ሦስት እግር ያለው ለምንድን ነው? ጉልቻ ሦስት የሆነው ለምንድን ነው? ሦስት እግር በየትኛውም ምድር ላይ ይቆማል፤ አራት እግር ግን መሬቱ ውሃ ልክ ካልሆነ በቀር አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። እናቶቻችን ድስት ሲጥዱ የሚያውቁትን ነገር አማቼ በኢንተርኔት አላገኘውም። «አራት ይሻላል፣ ሚዛን ይጠብቃል» አለ። የገበያ ጋሪ አራት ጎማ አለው፣ መኪና አራት ጎማ አለው፣ ብሎ ቆጠረልኝ። ይኸው ዛሬ በስተግራ ያለው የኋላ ጎማ አየር ላይ ነው። ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ ይገባል። ከመግፋት በፊት ሽብልቁን የሚያወጣው ማነው? ከገፉ በኋላ የሚከተውስ ማነው? ጎንበስ ብሎ መነሣት በሰባ ስምንት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አልናገርም።

ፀሐይ እያለች መስታወቱ ሥራ አይፈታም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ሽቦውን ሊፈታ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መቁረጫውን ማጥፋት፣ ፊቱንም መሸፈን አለበት፤ ቀጥታ ጅረት ነው፣ ከተሳሳቱበት የእሳት ብልጭታ ያወጣል። ይህን ሁሉ በደንብ አስረድቶኝ ሲያበቃ፣ «አባባ፣ አንዴ ጋቢዎን ያውሱኝ» አይለኝ መሰላችሁ! ባለቤቴ የፈተለችው ጋቢ ነው። ዘረጋበት። ቆጣሪውን አየና ምን አለ? «አይሆንም፣ ብርሃን ያሳልፋል።» በጋቢዬ መናቄን እግዜር ይየው።

የኸማሲን ነገርማ ራሱን የቻለ ገድል ነው። ኸማሲን በጸደይ ወራት ከበረሃ የሚነሣ አቧራ የተሸከመ ነፋስ ነው። ስሙ ሃምሳ ማለት ነው፤ ከሃምሳ ቀን መካከል እየመጣ እየሄደ ይነፍሳልና። እኔ ሃምሳ ሲባል በዓለ ሃምሳን ነው የማውቀው፤ ጾም የሌለበት፣ ስግደት የሌለበት፣ የደስታ ጊዜ። እዚህ ሃምሳ ቀን አፈር ትበላላችሁ። ነፋስ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ቀጥ ብሎ በተገተረ ነገር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ ይገፋል። የእኛ ሁለቱ መስታወት አምስት ካሬ ሜትር ከትንሽ ናቸው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚገፋ ጉልበት ማለት ነው። ጎማ ያለው ሸራ ምን ይባላል? ጀልባ። ይህንን ተናግሬ «ክብደት ጣሉበት» ብዬ ስለነበር አማቼ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ከሥሩ አሰረ። ሰማንያ ኪሎ። መቶውን ለማስቆም ሰማንያ! የቀረውን ለጎማው ፍሬን ተወው።

ኸማሲኑ የመጣ ቀን ፍሬኑን የረገጠው የልጅ ልጄ ነው፤ ረገጥኩ ይላል፣ አልተረገጠም። ሽብልቁም አልገባም። ሰማዩ እንደ ሽሮ ቀለም ቢጫ ሆኖ፣ መስኮት ዘግተን ተቀምጠን ሳለ፣ ግቢ ውስጥ እንደ ሠረገላ የሚንጓጓ ድምፅ ሰማን። ስንወጣ መስታወቱ በንጉሡ መንገድ ላይ በክብር እየተጓዘ ነው። ንጣፉ ሲያልቅበት አልቆመም። ወደየት ሄደ? ወደ ጤና አዳሜ! በዚህች አክንባሎ ግቢ ውስጥ ለራሴ ያገኘሁት መሬት አንድ ክንድ ነው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጥቂት በርበሬ የዘራሁባት። ያቺም ፀሐይ ያላት ቦታ በመሆኗ ከመስታወቱ ጋር ስንካሰስ የከረምንባት ናት። መስታወቱ አንዳች ሳይሰበር አልጋው ላይ እንደወጣ ሰው ጤና አዳሜ ላይ ተንጋለለ። ልጄ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ!» ብላ እልል አለች። ማን ተረፈ? ጤና አዳሙ ለቡናዬ ከአዲስ አበባ በዘር መልክ ይዤው የመጣሁት ነው።

የአቧራው ዕዳ ደግሞ ከነፋሱ በኋላ ይቀጥላል። አቧራ የለበሰ መስታወት እንደ ሞራ ዓይን ነው። በየሦስት ቀኑ ሳይሞቅ በፊት በለስላሳ ጨርቅ መታጠብ አለበት፤ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም። ፀሐይ በጣም ስትግልም ይሰለቻል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ጥላ ይጠላል፣ ሙቀት ይጠላል፣ አቧራ ይጠላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠላል። አራስ ሴት እንኳ ይህን ያህል አትጠነቀቅም።

የግቢው በዋብ፣ ማለት ዘበኛው፣ ከላይኛው ግብፅ የመጣ ደግ ሰው ነው። «ያ ሐግ» ይለኛል፤ እነሱ ሽማግሌ ሁሉ መካ ደርሶ የመጣ ይመስላቸዋል፤ እኔ የተሳለምኩት ግሸንን ነው። ለመግፋት ያግዘኛል። መጀመሪያ ሰሞን ግን በሰዓት አልተግባባንም። «በሦስት ሰዓት ና» ብዬ ስጠብቀው የእኔ ሦስት ሰዓት አለፈች፤ እሱ የመጣው በራሱ ሦስት፣ ማለት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ነው፤ ያን ጊዜ መስታወቱ ጥላ ውስጥ እንቅልፉን እየለጠጠ ነበር። በ2017 ጳጉሜን ደግሞ ቴሌቪዥን አይቶ መጣና፣ «ያ ሐግ፣ ግድባችሁ ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ይላሉ፤ አንተ ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ መስታወት እየገፋህ?» አለኝ። ምን ልመልስ? ሽቦው መዓዲ ድረስ አልደረሰም አልኩት። ሁለታችንም ስቀን ገፋን።

በዚህ ሁሉ ሥቃዬ ላይ እንጨት የጨመረብኝ ፎቅ ላይ ያለው ጡረተኛ መሐንዲስ ነው። እሱ ብቻ «ያ ባሽሙሐንዲስ» ብሎ በማዕረጌ ይጠራኛል፤ ስለዚህ የሚለውን እሰማለሁ። አንድ ቀን ስንገፋ ከሰገነቱ አይቶን ወረደና ሻይ አዘዘ። «ይህ ነገር እዚሁ መዓዲ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቷል፤ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር።

ፍራንክ ሹማን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የፊላደልፊያ ሰው፣ ውስጡ ሽቦ ያለበትን የማይበተን መስታወት በመፈልሰፍ ሀብት ያፈራ። በ1912 እ.ኤ.አ. መዓዲ መጥቶ ዓባይ ዳር የፀሐይ ሞተር ተከለ። በ1913 ተመርቆ ውሃ ወደ እርሻው መሳብ ጀመረ። አምስት የመስታወት ገንዳዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 62 ሜትር ርዝመት፣ አራት ሜትር ያህል ስፋት። ገንዳው ፀሐይዋን ሰብስቦ መሐል ላይ ባለ ቧንቧ ላይ ያሳርፋል፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተር ያዞራል፣ ሞተሩ የዓባይን ውሃ በደቂቃ ከ20 ሺህ ሊትር በላይ ይስባል። ጉልበቱ ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። መጀመሪያ በዚንክ የሠሩት ማፍያ በመዓዲ ፀሐይ ቀልጦ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ በብረት ቀየሩት። የዚያን ጊዜ ግብፅ ከሰል የምታስመጣው ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ነበር፤ እንደ ወርቅ የተወደደ። ሹማን «ፀሐይ እያላችሁ ከሰል ለምን?» አለ። ሰው ሰማው፤ የእንግሊዙ ኪችነር እንኳ ለሱዳን ጥጥ እርሻ አስቦት ነበር። ከዚያ በ1914 ጦርነት መጣ፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ፣ ብረቱ ተነቀለ፣ ሹማን በ1918 ሞተ፣ ዓለምም ወደ ነዳጁ ሄደች።

ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰማሁት። አንድ ነገር ግን ሻዬን አስጣለኝ። እነዚያ 62 ሜትር የሚረዝሙ ገንዳዎች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በተሠራ ብረት ላይ ተቀምጠው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይን እየተከተሉ ይዞሩ ነበር። ማን ያዞራቸው ነበር? በዋብ ነው? ሽማግሌ ነው? ማንም! ሙቀት ለክቶ የሚያዝ መሣሪያ ነበራቸው፤ ራሱ ያዞራቸዋል። በ1913! እኛ አገር ልጅ ኢያሱ በነበሩበት ዘመን፣ እዚሁ ሰፈር፣ መስታወት በራሱ ወደ ፀሐይ ይዞር ነበር። ከመቶ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ ኮምፒዩተር አዋቂው አማቼ በሠራው መስታወት ላይ የሚያዞረው መሣሪያ እኔ ነኝ። ሙቀት ለኪውም እኔ ነኝ፤ ላቤ ሲወርድ ፀሐይዋ ዞራለች ማለት ነው።

ወደ አማቼ ሮጥኩ፤ መሮጥ ማለት በእኔ አካሄድ። ይህን ነገር ሰምተሃል ወይ አልኩት። ሰምቷል! «አባባ፣ አስዋን አጠገብ ቤንባን የሚባል ትልቅ የሶላር ጣቢያ አለ፤ እዚያም ብዙው በሞተር ነው የሚዞረው፤ ምርቱ በአምስተኛ ያህል ይጨምራል» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ታዲያ ለእኛስ? «ለሁለት መስታወት ሞተር መግዛት አያዋጣም።» አያዋጣም! እኔ ነኝ የማዋጣው። ነዳጅ የለኝም፣ ታሪፍ የለኝም፣ ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ብቻ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ አልጨምርም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ሰካች። መስታወቱ ፀሐይ መሐል ነው፣ ገና አጥቤዋለሁ፣ ገፍቼዋለሁ፣ ሽብልቁን ከትቻለሁ። የመስታወቱን ጅረት ለቤት የሚለውጠው ኢንቨርተር ጢ ብሎ ጮኸና ጠፋ። ለካስ ምጣዱ ሦስት ሺህ ተኩል ዋት ይበላል፤ ሁለቱ መስታወት አብረው ቢሞቱም 1,100 ነው። ፍሪጅ ያስነሳል፣ ማራገቢያ ያዞራል፣ ኢንተርኔት ይሰጣል፣ እንጀራ ግን አይጋግርም። ስንት ዓመት የለፋሁበት መብራት ለሐበሻ ቤት የሚሆነውን አንድ ነገር አይችልም። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ የሹማን ሞተር ጉልበት ዛሬ ቢኖር ዐሥራ አንድ ምጣድ ባንድ ጊዜ ያግል ነበር። ዐሥራ አንድ! ለሠርግ ይበቃል።

ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ አንተ እኮ ባትገፋው ትቆጣለህ» ትለኛለች። ውሸት ነው። ባለፈው ሳምንት በዋቡ ሳይነግረኝ ብቻውን ቢያዞረው ጊዜ የተቆጣሁት አቅጣጫውን ስለሳተ ነው፤ ዐሥር ዲግሪ ወደ ምዕራብ አዛብቶት ነበር። ማንም ቀያሽ ይቆጣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ የምትመጣ ከሆነ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ጤና አዳም ዘር በትንሽ ወረቀት ቋጥረህ ያዝልኝ። ከዚያ ምናለሽ ተራ ጎራ በልና ጎማ ፈልግልኝ፤ ሙሉ ላስቲክ፣ ኩሽኔታው ያላለቀ፣ ፍሬን ያለው፣ ስፋቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር። ሻጩ አራት ካልወሰድክ ይልሃል፤ እንዳትሰማው። ሦስት ይበቃል።